የአያ አለኸኝ ድርሻ

እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ወረታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ጃንጥላ አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት እዚያው ቁጭ ብዬ ጽፌአለሁ። አሁን ኮምፒውተር ቤቱ መንገዱን ሞልቶታል፤ ልጆቹ ጣታቸው ፈጣን ነው፣ ግን አመልካችና ተጠሪን እንኳ ለይተው አያውቁም። ባለጉዳይ እነሱ ጋ ሄዶ ተበላሽቶበት ወደ እኔ ሲመለስ መጀመሪያ እቆጣዋለሁ፣ ከዚያ እጽፍለታለሁ። ቁጡ ነኝ። ሰውመሆን ማለት ያ ቁጡው ነው ብለው ነው ለሰው የሚጠቁሙኝ።

ይርዳው የመጣብኝ ሐምሌ ሊያልቅ ሰሞን ነው። ከርብ ወንዝ ማዶ፣ እኔ በተወለድኩባት መንደር የሚኖሩት የአያ አለኸኝ ልጅ ነው። ደብተር ተሸክሞ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ውትድርና ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሲሄድ ጉንጫም ነበር፤ ያን ቀን ግን ከወንበሩ ሲቀመጥ አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ይንቀሳቀስ ነበር። ከመንገዱ ሌላ የሃያ ቀን ፈቃድ አግኝቶ ነው የመጣው።

"መውጣት እፈልጋለሁ" አለኝ።

"ከምን?"

"ከውትድርና።"

"መቱህ እንዴ?"

"አልመቱኝም።"

"ራበህ?"

"አልራበኝም። ደሞዙም በሰዓቱ ይገባል።"

"ታዲያ ምን ሆኜ ልትል ነው?"

"ደስ አላለኝም፣ አያ ሰውመሆን። ጠዋት ስነሣም ደስ አይለኝም፣ ማታ ስተኛም ደስ አይለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይለመዳል አሉኝ፤ አልለመድ አለኝ።"

ደሜ ፈላ። "ደስ አላለኝም ተብሎ ማመልከቻ አይጻፍም! ለመሆኑ እኔ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅብኝ ደስ ብሎኝ ነው?" አልኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሱ አቀርቅሮ የጠረጴዛዬን ጠርዝ በጥፍሩ መፋቅ ያዘ።  ባልተናገርኩ ብዬ ተጸጸትኩ።

ቀስ ብዬ ሳወጣጣው ነገሩን ነገረኝ። የፈረመው ሰባት ዓመት ነው። የአሥረኛ ክፍል ውጤት አልመጣለት ሲል ሦስት ጓደኞቹ ተመዘገቡ፤ እሱም አብሮ ተመዘገበ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። የተመደበበት በረሃ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። አራት ዓመት ይቀረዋል። "አራት ዓመት አልችልም። ምን እንደማደርግ አላውቅም" አለኝ። ይህችን ነገር ብዙ ሰው ጠረጴዛዬ ላይ ተናግሯታል፤ ጮኾ የሚናገራትን አልፈራውም። እሱ ቀስ ብሎ ነው ያላት። አላማረችኝም።

አዛዡ ደግ ሰው ናቸው አሉ። ወላጆችህ ከአንተ በቀር ጧሪ ከሌላቸው ከአገርህ አረጋግጠህ አምጣ፣ እኔ ወደ ላይ አስተላልፍልሃለሁ ብለውታል። ይኼንን ሲነግረኝ ልቤ መለስ አለ፤ ምክንያቱም እውነት ነው። አያ አለኸኝ ልባቸው ደክሟል። አምና ባሕር ዳር ወስደዋቸው ሐኪሙ ከባድ ሥራ እንዳይነኩ ከልክሏቸዋል፤ ወረቀቱ አለ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው አግብተው አንዷ መተማ፣ አንዷ ጎንደር ናቸው። እቤት የቀሩት አያ አለኸኝና ሚስታቸው አማከለች ብቻ ናቸው።

"እንግዲያማ እውነት በእጃችን ነው" አልኩት። "ምን አስጨነቀህ?"

"አባባ እንዳይሰሙ ነው የጨነቀኝ። አይችሉም ተብሎ በስማቸው ወረቀት ከሚወጣ ቢሞቱ ይመርጣሉ። እማማ ታውቃለች፤ እሳቸው ግን እንዲያው ለፈቃድ የመጣሁ ነው የሚመስላቸው።"

እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝና ለምን እንዳለው ገባኝ። የእኛ ሜዳ ሩዝ ነው የሚዘራበት። ሩዝ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጅ የሚታረም ነገር ነው፤ አንድ ቤት ብቻውን አይወጣውም። ስለዚህ ስምንት ቤት ወንፈል ይገባል፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው፣ ቀን በቀን እየተመላለሰ። ሙሉ ቀን መስጠት ያልቻለ ሰው ከወንፈሉ ይወጣል። አይጣሉትም፤ እንደ መበለት ቆጥረው ማሳውን በነፃ ያርሙለታል። ደግነት ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሠርግ ላይም ሆነ ዕድር ላይ አፉን ሞልቶ አይናገርም። አያ አለኸኝ ደግሞ እስከ ስድሳ ዓመታቸው ድረስ ከሰው ቀድመው ማሳ የሚገቡ ሰው ነበሩ። ሲያለከልኩ ላያቸው ሰው "ብርድ መታኝ" ነበር የሚሉት።

እንግዲህ እውነቱን ብጽፈው ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። እውነቱ "ከባድ ሥራ እንዳይሠሩ በሐኪም ተከልክለዋል" የሚል ነው። አንዲት መስመር። ሳያት ቀጠነችብኝ። ይህችን አይቶ ማን ወታደር ይለቃል አልኩ። እና ብዕሬን አነሣሁና "ወላጅ አባቴ በጽኑ ደዌ ተይዘው፣ ከአልጋ ተነሥተው ወደ ደጅ መውጣት እንኳ ተስኗቸው፣ ላለፈው አንድ ዓመት ሙሉ በሙሉ በሰው ድጋፍ የሚገኙ በመሆኑ" ብዬ ጻፍኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። እኔን ራሴን አንጀቴን በላኝ።

"ከአልጋማ ይነሣሉ እኮ" አለኝ ይርዳው።

"ዝም በል። ማመልከቻ እንዲህ ነው የሚጻፈው" አልኩት። ፈረመ።

ወረዳው ጉዳዩን የሚያጣራ ሰው መደበ። ገበያው ይባላል፤ ዝምተኛ፣ ወረቀቶቹን ዝናብ እንዳያገኛቸው በፌስታል ጠቅልሎ የሚይዝ ሰው ነው። ቀጠሮውን ነሐሴ አሥራ ሁለት እንዲያደርገው የለመንኩት እኔ ነኝ። የሚካኤል ዕለት ማንም ማሳ አይገባም። አያ አለኸኝ ቤተ ክርስቲያን ስመው ይመለሱና ጋደም ይላሉ፤ ገበያው ያያቸዋል፤ ለእሳቸው የቤት ቆጠራ ነው እንላቸዋለን። እንዲህ አድርጌ አሰናዳሁት። ብልህ ነኝ ብዬ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ገበያው ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። "ነገ መኪናዋ ለሌላ ሥራ ትወጣለች፤ ዛሬ ነው የምንሄደው" አለኝ።

"ነገ ነው እኮ የተባባልነው።"

"ዛሬ ካልሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።"

የይርዳው ፈቃድ የቀረው አምስት ቀን ነው። ምን አማራጭ አለ? አመልካቹ ደግሞ መጀመሪያ ቢሮ ቀርቦ ቅጹን መፈረም አለበት። ደወልኩለት። የጎረቤታቸው የበላቸው ማሳ ላይ ወንፈል እያረመ ነበር፤ ከመጣ ጀምሮ የአባቱን ቀን የሚመልሰው እሱ ነው። "አሁኑኑ ና" አልኩት። ጭቃውን ርብ ላይ ታጥቦ፣ ባጃጅ ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ፈረመ። ሦስታችን ተነሣን። እኔን ማንም ና ያለኝ የለም፤ የጻፍኩት ነገር ሲጸድቅ ማየት ስለምወድ ነው የሄድኩት።

መኪናዋ እስከ ጠጠሩ መጨረሻ አደረሰችን። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ጫማችንን አውልቀን ሱሪያችንን ጠቅልለን ሄድን። ይርዳው ከፊት ነው፤ በመንገድ ሁለት ጊዜ ዘወር ብሎ "ጋደም ብለው ይሆናል፤ ጠዋት ደክሟቸው ነበር" አለኝ።

ቤት ስንደርስ አማከለች ደጃፍ ላይ ሩዝ ትለቅም ነበር። እኛን ስታይ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

"አባባስ?" አላት ይርዳው።

"ማሳ ሄዱ።"

"የማን ማሳ?"

"የበላቸው። አንተ ጥለህ ስትሄድ የልጄ ቀን ጎደለ ብለው ተነሡ። እኔ ነገ ይመልሰዋል ብልስ መቼ ሰሙኝ? የወንፈል ቀን አያድርም አሉኝና ወጡ።"

ገበያው ፌስታሉን ፈትቶ ወረቀቴን አወጣና ቆሞ አነበበው። "ከአልጋ አይነሡም ነው እኮ የሚለው" አለ። ክፋት የለበትም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው። አማከለች ወደ እኔ አየች። ማየት የምችለው ነገር ስላጣሁ እግሬ ላይ ያለውን ጭቃ አየሁ።

ማሳው ከቤቱ አይርቅም። ስምንት ሰው ተደርድሮ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ፣ ጎንበስ ብሎ ያርማል። አያ አለኸኝ ከዳር ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ድርሻ አለው፤ ከድንበር እስከ ድንበር አንድ ሸንተረር። እኔ ያደግኩበት ሥራ ነውና ወዲያው ያየሁት የእሳቸውን ድርሻ ነው። ከሌላው እኩል ሄዷል። እንዲያውም ጥርት ብሎ ነው የታረመው። እሳቸው ግን እጃቸው ላይ የነበረው አንድ ጭብጥ አረም ብቻ ነው፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ወገባቸውን ለማቃናት ጉልበታቸውን ይደገፋሉ። አጠገባቸው ያለው በላቸው እጁ ሳይታይ ወደሳቸው ሸንተረር ገባ ይላል፣ ይነቅላል፣ ወደ ራሱ ይመለሳል። ከወዲያኛው በኩል ያለውም እንዲያው ነው። ማንም ለማንም ምንም አይልም።

ገበያው ከድንበሩ ላይ ቆሞ ሥራ ያበርታ አለና በላቸውን ጠራው። በላቸው የወንፈሉ አለቃ ነው። ለምን እንደመጣን አያውቅም። ፌስታል የያዘ የወረዳ ሰው አየ፣ በቃ።

"እኚህ አባት አቶ አለኸኝ ናቸው?"

"ናቸው።"

"ይሠራሉ?"

አያ አለኸኝ ከአምስት እርምጃ ላይ ናቸው። ቀና ብለው ወደ በላቸው አዩ። እኔ በልቤ በላቸውን አይሠሩም በል፣ በእግዚአብሔር አይሠሩም በል እለው ነበር። ግን በምን አፉ? ጆሯቸው እየሰማ፣ ቀንዎ ሙሉ ቀን አይደለም ሊላቸው ነው? ወንፈል የገባ ሰው እንዲያ አይልም። እኔም ብሆን አልልም ነበር።

"አያ አለኸኝን ነው የምትለኝ?" አለ በላቸው። "እሳቸውን ማን ይደርስባቸዋል! እኛን ወጣቶቹን እያሳፈሩ ነው የሚውሉት።"

ሌሎቹ ቀጠሉበት። አንዱ "አባ ጉልበት ናቸው" አለ። አንዱ ደግሞ ሳቅ ብሎ "ትንሽ እንዲያርፉ ንገሩልን፤ ፈጁን" አለ። ሰባቱም መሰከሩ። ሰባቱም ይወዷቸዋል፤ ሰባቱም እንደታመሙ ያውቃሉ፤ እሳቸው ከገቡ ጀምሮ ድርሻቸውን ያረሙላቸው እነሱ ናቸው። 

ገበያው ዞር ብሎ ይርዳውን አየው። ጥያቄውን ለእኔና ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው ያለው፤ መልሱን ግን ሁሉም ጆሮ ሰጥቶ ይጠብቃል። "አንተ አመልካቹ ነህ። አባቴ ታመዋል ብለሃል። ምን ትላለህ?"

አያ አለኸኝ አሁን ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አበሱ። ልጃቸውን ያዩታል። ይርዳው ማለት የነበረበት አንዲት ነገር ናት፦ ይህን ማሳ እዩት፣ አባቴ አላረሙትም፣ እነዚህ ሰዎች ናቸው ያረሙት። ያ ብቻ ይበቃ ነበር። ገበያው ዓይን አለው፣ አይቶ ይጽፍ ነበር።

"የለም፤ ደህና ናቸው" አለ ይርዳው።

ገበያው ጻፈ።  መኪናዋ ጋ ስንደርስ ይርዳው እግሩን ሊታጠብ ወደ ውኃው ሲወርድ ገበያው ወደ እኔ ቀረብ አለ።

"ማመልከቻውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ደካማ ናቸው ብላችሁኝ ቢሆን ኖሮ ደካማ መሆናቸውን አይቻለሁ፤ እጽፍ ነበር። እናንተ ከአልጋ አይነሡም አላችሁኝ። ቆመው አየኋቸው። ቆመው ያየኋቸውን ሰው ተኝተዋል ብዬ ልጻፍ?"

ሃያ ሦስት ዓመት ሰው ስቆጣ ኖሬ፣ ያን ቀን የሚቆጣኝ ቢኖር ደስ ባለኝ። እሱ አልተቆጣም። ፌስታሉን ቋጥሮ መኪናው ውስጥ ገባ።

ይርዳውን ግን አልማርኩትም። ወረታ ስንደርስ መናኸሪያው በር ላይ ይዤ አፋጠጥኩት። "አንተ ምን ነካህ? ሦስት ዓመት ደስ አላለኝም ስትል ከርመህ፣ በራስህ አፍ ደህና ናቸው ትላለህ?"

"ምን ልበል?" አለኝ። "ሲያዩኝ አላየዎትም?"

 ከአራት ቀን በኋላ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። "ለመሰናበት የሚያበቃ ምክንያት አልተገኘም" የሚለው ወረቀት በታሸገ ፖስታ ተሰጥቶት፣ ራሱ ተሸክሞት ሄደ።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ ቆመ፤ ሩዙ ማሸት ጀመረ። አንድ ማክሰኞ አያ አለኸኝ ከመንገዱ ማዶ ከባጃጅ ሲወርዱ አየኋቸው። ከባጃጁ እስከ ጠረጴዛዬ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሦስት ጊዜ ቆመው አረፉ። ተነሥቼ ልቀበላቸው ስል በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ። እሳቸውም ደርሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኋቸው።

"አማከለች ነገረችኝ" አሉ።

"ምን አለችዎ?"

"ሁሉን። ልጁ ሲደውል ድምፁ ልክ አልሆነላትም፤ እያለቀሰች ነገረችኝ። ያ ሰውዬ ለማዳበሪያ የመጣ ነበር የመሰለኝ።" በትራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፉ። "ምን ብለህ ነበር የጻፍክለት?"

ግልባጩን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ከአልጋ ተነሥተው የሚለው ጋ ስደርስ አፈርኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

"ይኼ እኔ አይደለሁም" አሉ።

"አይደሉም። አጥፍቻለሁ አያ አለኸኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። አሁን እኔ የምልህን ጻፍ። አንድ ቃል እንዳትጨምር።"

ብዕር አነሣሁ። እንዲህ ብለው አስጻፉኝ፦ እኔ አለኸኝ ልቤ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ማለዳ ማሳ እገባለሁ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል እጄ ይዝላል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ከዚያ በኋላ የእኔን ድርሻ የሚያርሙልኝ ጓደኞቼ ናቸው። ቀኔ ሙሉ ቀን አይደለም። ከልጄ ከይርዳው በቀር የሚሠራልኝ የለም።

እጄ ቆመ። "ያውቁ ነበር ማለት ነው?" አልኳቸው። "እንደሚያርሙልዎ?"

"ታዲያ ዓይን የለኝም?" አሉ። "ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ድንበሩ ዞር እላለሁ። ስመለስ ታርሞ አገኘዋለሁ። ውኃ ጠምቶኝ መሰለህ የምዞረው? ለእነሱ ነው የምዞርላቸው። ፊት ለፊት ቆሜ ሳያቸው እንደ ሌባ ተደብቀው ነው የሚነቅሉልኝ፤ ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ ዞር እልላቸዋለሁ።"

 ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ችግር ስጽፍ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም።

"እሱንም ልጻፈው?" አልኳቸው።

አሰቡ። "ጻፈው። ካልጻፍከው እነዚያ ሰዎች ያን ቀን የዋሹ ይመስላሉ። አልዋሹም፤ አክብረውኝ ነው።"

ጻፍኩት። የምስክር ስም ማን ማን ይሁን ስላቸው ሰባቱንም በስማቸው ጠሩ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ነግሬአቸዋለሁ። ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ እዚህ እየመጡ ይፈርማሉ" አሉኝ።

"ሁሉም በተሰበሰቡበት ነገሯቸው?"

"ሁሉም በተሰበሰቡበት።"

"ምን አሏቸው?"

"ከወንፈሉ ወጥቻለሁ አልኳቸው። ከእንግዲህ አትቁጠሩኝ።" ከዚያ በትራቸውን ይዘው ለመነሣት ሞከሩ፤ በመጀመሪያው አልተሳካላቸውም። እጄን ሰጠኋቸው። ያዙት።

ቅዳሜ ሰባቱም መጡ። አንድ ላይ አልመጡም፤ አንዱ ጨው ገዝቶ፣ ሌላው ዶሮ ሸጦ፣ በየራሱ ሰዓት። አነብላችኋለሁ ስላቸው እናውቀዋለን ይሉኛል። በላቸው የመጣው መጨረሻ ነው። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ አድርጎ ቀረ። "ያን ቀን ለምን እንደመጣችሁ አንድ ሰው ቢነግረኝ ምን ነበረበት?" አለኝ። "የዚያን ቀን ወንፈል እተውላቸው ነበር እኮ።" ይኼ ለእኔ የተባለ ነው፤ ተቀበልኩት። ፈረመና ቀለሙን ሳይጠርግ ሄደ። ቀበሌው ማኅተም አደረገበት። ፖስታ ውስጥ አስገብቼ የክፍሉን አድራሻ ጻፍኩበት፤ ፖስታ ቤቱ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለይርዳው ደወልኩለት። ላስደስተው ብዬ ነው። መጀመሪያ ሲደወል አላነሣም፤ በሁለተኛው አነሣ። "አለን" አለኝ፤ ደህና ነኝ አላለም። ማስረጃው አሁን ሙሉ ሆነ፣ ሰባት ምስክር አለው፣ አዛዥህ ይኼን ካዩ የሚያስተላልፉልህ ይመስለኛል አልኩት። ከዚያ ግልባጩን አነበብኩለት። የተጨመረ ነገር የለበትም፤ ከላይ እስከ ታች አያ አለኸኝ ራሳቸው ናቸው።

ስጨርስ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

"አባባ ራሳቸው ናቸው ያሉት?" አለኝ።

"ራሳቸው ናቸው።"

"እነ አያ በላቸው ፊት?"

"በሁሉም ፊት።"

"ዞር እላለሁ የሚለውንም?"

"እሱንም።"

ትንፋሹን እሰማዋለሁ። ከኋላው የሆነ ሰው በፉጨት ይጠራል፣ የብረት ሳህን ይጋጫል።

"አያ ሰውመሆን፣ አይላኩት" አለኝ።

"አብደሃል?"

"አላበድኩም። አራቱን ዓመት እችለዋለሁ። እዚህ ክፍሌ ውስጥ ጸሐፊው ያነበዋል፣ ሻምበሉ ያነበዋል፣ ለስብሰባ ያቀርቡታል። አባባን ማንም እንዲያነባቸው አልፈልግም። ይቅደዱት። ለእሳቸው ተልኳል ይበሉልኝ። እችለዋለሁ።"

አልችልም ሲለኝ የሰማሁት ድምፅ ነው። እችለዋለሁ ሲልም ያው ድምፅ ነው፤ ምንም አልተለወጠም። ፖስታው ከፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እጄን ጫንኩበት።

"ቅዳሜ ልኬዋለሁ" አልኩት።

"ልከውታል?"

"ልኬዋለሁ። በአደራ ነው የላክሁት፤ ሊመለስ አይችልም።"

ያን ጊዜ አለቀሰ። ስልኩን ግን አልዘጋም። እኔም አልተቆጣሁትም። እስኪወጣለት ድረስ ጠበቅሁት። ሲጨርስ "እሺ" አለኝ፤ "እሺ አያ ሰውመሆን"፤ ዘጋ።

ጃንጥላውን አጠፍኩ። አንዲት ሴትዮ የቀለብ ጥያቄ ልታስጽፍ ተራ ይዛ ነበር፤ አሁን መጣሁ አልኳት። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረስኩ፤ ጸሐፊዋ ዛሬ እንዲሄድ ነው ወይስ ነገ ብትለኝ፣ ዛሬ አልኳት።